«ዳር ያዝ» ስለተባለ መንገዱ አይሰፋም፦ ብስክሌት ከአስፋልት ይውጣ ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከደሴ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ላይ ብስክሌት እንዳይነዳ የሚጠይቅ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው አነበብነው። ጸሐፊው ከሹፌሮች ወገን ቆመው የሚያነሡት ሰባት ነገር ነው። ብስክሌተኛ ለመንገዱ የሚከፍለው የለም፤ ዳሩን አይዝም፤ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየ መሄድ ሲገባው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ቁልቁለቱን በማይዝ ፍሬን ይለቀዋል፤ ዳገቱ ላይ መንገድ ይዘጋል፤ ክላክስ ሲነፋለት ይቆጣል፤ ማታ አይታይም። ስለዚህ ከአስፋልቱ ይውጣ ነው መደምደሚያቸው።

ጽሑፉ በክፋት የተጻፈ አይደለም። ጠመዝማዛው ላይ ብስክሌት ድንገት ድቅን ሲልበት ሹፌር እንዴት እንደሚደነግጥ በደንብ ይገልጻል። ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ከነጥቦቹም አንዱን ሙሉ በሙሉ፣ ሁለቱን በከፊል እንቀበላለን። የቀሩት ግን ሜትር ሲያርፍባቸው የማይቆሙ፣ አንዱ ደግሞ የሰማው ሰው ቢፈጽመው ሊሞትበት የሚችል ምክር ነው። እኛ ብስክሌት የምንነዳ፣ የምንጠግንና ጀማሪ የምናለማምድ ሰዎች ስለሆንን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

በሁለተኛው እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ብስክሌተኛው ጥግ ጥጉን ቢይዝ መንገዱ ለሁለቱም ይበቃ ነበር ይላሉ። እንለካ። የአገር አቋራጭ አስፋልታችን ብዙውን ጊዜ ወርዱ 7 ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንድ አቅጣጫ 3 ሜትር ተኩል ይደርሳል። የብስክሌት መሪ ከጫፍ ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጎማው ከአስፋልቱ ጠርዝ ግማሽ ሜትር ገባ ብሎ ቢሄድ የነጂው ግራ እጅ ከጠርዙ 80 ሳንቲ ላይ ይሆናል። የጭነት መኪና ወርዱ ስፖኪዮውን ሳይጨምር 2 ሜትር ተኩል ነው። በመካከላቸው 1 ሜትር ተኩል ክፍተት ይኑር ብንል ድምሩ 4 ሜትር ከ80 ይመጣል። ያለን 3 ሜትር ከ50 ነው። ብስክሌተኛው ጎማውን ጠርዙ ላይ ቢያስኬድ እንኳ ገና 80 ሳንቲ ይጎድላል።

ስለዚህ ሹፌሩ ብስክሌተኛው የትም ቢሆን ለመቅደም የመሀሉን መስመር አልፎ ወደ ግራ መውጣት አለበት። ለመውጣት ደግሞ ከፊት የሚመጣ መኪና መኖር የለበትም። ከፊት የሚመጣ ከሌለ ብስክሌተኛው 50 ሳንቲ ገባ ቢል ወይም 1 ሜትር ገባ ቢል ለሹፌሩ የሚለወጥ ነገር የለም። ለብስክሌተኛው ግን ይለወጣል። ጠርዙ ላይ ከተለጠፈ ከኋላ ያለው ሹፌር መስመሩን ሳይለቅ የሚያልፍ ይመስለውና ይሞክራል። ስፖኪዮ ትከሻ የሚመታው እንዲህ ሲሆን ነው። ሹፌሩ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ዓይኑ ቦታ አለ ብሎት ነው።

አንድ ሜትር ተኩል ለቅንጦት የተባለ ቁጥር እንዳይመስል። ስፔን በሕጓ ደንግጋዋለች፤ ፈረንሳይ ከከተማ ውጭ ይህንኑ ትጠይቃለች፤ ጀርመን ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በከተማ 1 ሜትር ተኩል፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር አድርጋዋለች። ምክንያቱ ብስክሌት በክር እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ አለመሄዱ ነው። ሚዛኑን የሚጠብቀው ወደ ግራና ቀኝ ትንሽ ትንሽ እያለ ነው፤ ዳገት ላይ ሲዘገይ መዋዠቁ ይብሳል። ትልቅ መኪና ሲያልፍ ደግሞ አፍንጫው የሚገፋው ነፋስ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ጀርባው ሲያልፍ መልሶ ወደ ውስጥ ይስባል። ከባቲ በኩል የሚመጡት ባለ ተሳቢዎች ላይ መሳቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ አንዴ ከፊተኛው አንዴ ከተሳቢው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ የመጀመሪያው እንዳለፈ ተገላገልኩ ብሎ እጁን ያላላል።

ጠርዙን ጎንበስ ብሎ ያየው ሰው ደግሞ ጥግ ያዝ ብሎ አይመክርም። አስፋልቱና የጎኑ ጠጠር በብዙ ቦታ እኩል አይደሉም፤ ዝናብ ጠጠሩን አጥቦት አስፋልቱ እንደ ደረጃ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ከፍ ብሎ ቀርቷል። የፊት ጎማ ከዚህ ደረጃ ሲወርድ የብስክሌተኛው ደመ ነፍስ ወዲያውኑ ልመለስ ይላል። መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ያዞራል። ጎማው ግን ከደረጃው ጎን ጋር ስለሚሄድ መውጣት አይችልም፤ ጎኑ ይፋተጋል፣ መሪው ይያዛል፣ ሰውነቱ ግን ወደ ግራ ማዘንበሉን አላቆመም። የሚወድቀው ወደ አስፋልቱ ነው፣ ከኋላ ወደሚመጣው መኪና። ለተማሪዎቻችን ደጋግመን የምንለው ይህን ነው፦ ከወረድክ ወርደሃል፤ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ የፊቱን ፍሬን አትንካ፣ የኋላውን ቀስ አድርገህ ጠጠሩ ላይ ቁም፣ ብስክሌቱን አንሥተህ ውጣ።

ጠመዝማዛው ላይ ነገሩ ይከፋል። ዶሮ መዝለያን የሚያውቅ ሹፌር ተሳቢ እንዴት እንደሚታጠፍ ያውቃል፤ የኋላው ጎማ የፊተኛውን ፈለግ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። በጠባብ መታጠፊያ የኋላው እግር ከፊተኛው ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ወደ ቀኝ በሚታጠፍ ቦታ ውስጥ ማለት ብስክሌተኛው «ዳር ይዞ» ያለበት ጥግ ነው። ካቢናው በሰላም አለፈው ብሎ ሹፌሩ ሲረጋጋ ተሳቢው ገና እየመጣበት ነው። ስለዚህ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ጠመዝማዛ ሲደርስ ብስክሌተኛው ከ20 እስከ 30 ሜትር ቀደም ብሎ ወደ ኋላ ይይ፣ እጁን ያሳይ፣ ወደ መስመሩ መካከል ይግባ፣ መታጠፊያው እንዳለቀ ወደ ቀኝ ይመለስ። ሹፌሮች ይህን እንደ ድፍረት ያዩታል። የብስክሌተኛው ዓላማ ግን ሹፌሩ ሊቀድም የማይገባው ቦታ ላይ ለመቅደም እንዳይፈተን ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ምክር፣ ብስክሌተኛ በግራ በኩል ሆኖ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየ ይሂድ የሚለው፣ ከሁሉ የከፋው ነው። ብዙ ወላጅ ለልጁ ይህንኑ ስለሚመክር ቁጥሩን እናስቀምጥ። መኪናው በሰዓት 50፣ ብስክሌቱ 20 ኪሎ ሜትር ይሂዱ እንበል። በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ የሚቀራረቡበት ፍጥነት 30 ነው፤ ፊት ለፊት ሲመጡ 70። መታጠፊያው 60 ሜትር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ በመጀመሪያው ሹፌሩ 7 ሰከንድ ያህል አለው፤ በሁለተኛው 3 ሰከንድ። በ7 ሰከንድ ሹፌር አይቶ፣ አስቦ፣ ማርሽ ቀንሶ ይከተላል። በ3 ሰከንድ የሚችለው ፍሬን መርገጥና መጸለይ ነው። ቢጋጩ ደግሞ የግጭቱ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ የ70ው ከ30ው አምስት እጥፍ ይበልጣል። ከመጋቢ መንገድ የሚወጣ ባለ ባጃጅም ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚያየው መኪና የሚመጣበትን ግራውን ነው፤ በቀኙ በተቃራኒ የሚመጣ ብስክሌት አለ ብሎ አይጠብቅም። ለእግረኛ ፊት ለፊት እያዩ መሄድ ትክክል ነው፤ እግረኛ ባለበት ይቆማል፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይላል። ብስክሌት ወደ ጎን መርገጥ አይችልም። የኢትዮጵያ መንገድ በቀኝ ነው፤ ለብስክሌትም በቀኝ ነው።

ግብር የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። በ1989 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ዋና ገቢው ከነዳጅ ነው፤ ብስክሌተኛ ነዳጅ ስለማይቀዳ እዚህ ላይ አይከፍልም፣ እውነት ነው። ገንዘቡ የሚውለው ግን ለጥገና ነው፤ ጥገና ደግሞ የተበላሸ ሲኖር ነው። አሜሪካኖች ከ1958 እስከ 1960 በኢሊኖይ ግዛት ባደረጉት ትልቅ የመንገድ ሙከራ አስፋልት የሚጎዳው በአክስሉ ጭነት አራተኛ ርቢ መጠን ገደማ እንደሆነ አይተዋል። ብስክሌቱና ነጂው 100 ኪሎ ቢሆኑ በአንድ ጎማ 50 ኪሎ ያርፋል። 10 ቶን ያረፈበት የጭነት መኪና አክስል የዚህ 200 እጥፍ ነው፤ 200 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1 ቢሊዮን 600 ሚሊዮን ይሆናል። ብስክሌት አስፋልቱን ነካው ማለትም ይከብዳል። የመንገድ ግንባታው ደግሞ ከመንግሥት በጀት የሚወጣ ስለሆነ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ ደመወዙ ላይ ግብር የሚቆረጥበት ብስክሌተኛም እጁ አለበት።

አሁን ወደ ፍሬኑ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በዚህ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ብስክሌቱና ነጂው 85 ኪሎ ከሆኑ፣ ያንን ሁሉ ከፍታ በፍሬን ብቻ ቢይዙት የሚፈጠረው ሙቀት አንድ ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ለቡና ያደርሳል። የተወሰነውን ነፋሱ ይወስደዋል፤ የቀረው የሚያርፈው የጣት እርዝማኔ ባላቸው አራት የፍሬን ላስቲኮችና በቸርኬው ላይ ነው። ፍሬን ሳይለቁ ጨምድዶ የሚወርድ ሰው ቸርኬው ይግላል፤ የከመነዳሪው ልጣፊ ሙጫው ይላላል፣ ሲብስም ከመነዳሪው ይፈነዳል። የፊቱ ከሆነ መሪው ወዲያው ከእጅ ይወጣል።

ስለዚህ ከመውረድ በፊት የሚታየው ይህ ነው። ላስቲኩ ላይ የተቀረጹት ቦዮች ካለቁ ወይም ከብረቱ በላይ የቀረው ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ይቀየር። ፍሬኑን ነቅሎ ፊቱን ወደ ብርሃን ማዞር ነው፤ ጥቁሩ ላስቲክ ውስጥ የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ከታዩ የአሸዋ ጠጠር ወይም የቸርኬው የራሱ ብረት ተሰክቶበታል። ሲያዝ «ክርርር» የሚለው ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ቸርኬውን እየላጠው ነው። በመርፌ ወይም በወረንጦ አንድ በአንድ ይነቀላል፤ ፊቱ እንደ መስታወት ከለሰለሰ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር ይደረጋል። መልሶ ሲታሰር ሙሉ ፊቱ ቸርኬው ላይ ይረፍ። ወደ ላይ ካለፈ የጎማውን ጎን ቆርጦ ያፈነዳዋል፤ ወደ ታች ከወረደ ግማሹ ሥራ አይሠራም። ከቸርኬው በሁለቱም ወገን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ።

ከዚያ ካቦው። የፍሬኑን እጀታ ጨብጦ የካቦው ራስ የተቀመጠበትን ውስጡን ማየት ነው፤ ከታችም ብሎኑ የነከሰበትን። አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ከተገኘ ካቦው ሞቷል፤ ተጠምዝዞ ወይም ተቋጥሮ አይሠራበትም፣ ይቀየራል። የሚበጠሰው ደግሞ ሁልጊዜ በኃይል በተጨበጠበት ሰዓት ነው፤ ማለትም በጣም በሚፈለግበት። እጀታው እስከ መጨረሻው ሲጨበጥ ከመሪው ጋር ሁለት ጣት ክፍተት መቅረት አለበት። ዘይት ለካቦው ሽፋን ሁለት ጠብታ ይበቃል፤ ላስቲኩና ቸርኬው ላይ ጠብ ካለ ግን በሳሙና ሳይታጠብ አይወጣም። የመጨረሻው ፈተና ቀላል ነው፦ ከጎን ቆሞ ብስክሌቱን ወደ ፊት እየገፉ የፊቱን ፍሬን መያዝ፣ የኋላው ጎማ ከመሬት መነሣት አለበት፤ የኋላውን መያዝ፣ ጎማው ሳይዞር መንሸራተት አለበት። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ካልሆነ በእግር ነው መውረድ። የጎማ ብሎኖችም በ15 ቁጥር መፍቻ ይፈተሹ።

ነፋስም አለ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ፤ ለ26 ቁጥር ሰፊ ጎማ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ. (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። ለጭነት መኪና የተዘጋጀ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ከ100 በላይ ይይዛል። እንደ መኪና ጎማ አንዴ ሰክቶ ከያዘው በጥቂት ሰከንድ ይፈነዳል። ጠቅ፣ ለቀቅ፣ በአውራ ጣት መፈተን፣ እንደገና ጠቅ።

በመውረዱ ጊዜ ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት ነው፣ ሲታጠፉ አይደለም። ሁለቱም አንድ ላይ ይያዛሉ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ይለቀቃሉ፣ ቸርኬው ነፋስ ያገኛል፣ እንደገና ይያዛሉ። ብዙ ሰው የፊቱ ይጥለኛል ብሎ በኋላው ብቻ ይወርዳል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት ደረቅ መንገድ ላይ በሁለቱም ፍሬን ለመቆም ከመደንገጡ ጀምሮ 26 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ በኋላው ብቻ ወደ 40 ሜትር ይጠጋል። በሰዓት 30 ከሆነ በሁለቱም 17 ሜትር ይበቃዋል። ለዚህ ነው ለቁልቁለቱ 30ን ጣራ የምናደርገው። መንገድ ላይ ወጣ ብሎ ቆሞ ቸርኬው ላይ ውሃ ጠብ ማድረግ ጥሩ ነው፤ «ጭስስ» ካለ አምስት ደቂቃ ይረፍ። በክረምት ደግሞ የብረት ቸርኬ ያላቸው አሮጌ ባለ ዘንግ ፍሬኖች እርጥብ ሲሆኑ አይዙም ማለት ይቻላል፤ ላስቲኩ ውሃውን ጠርጎ እስኪነክስ ጎማው ብዙ ጊዜ ዞሯል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ በእነዚህ መውረድ አይገባም፤ አሉሚኒየም ቸርኬ ያለው ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ቀደም ብሎ እየተነካካ መጠረግ አለበት።

ሹፌሩም ከዚህ ነጥብ ነጻ አይደለም። ቁልቁለቱን በማርሽ የያዘና በሞተር ፍሬን የሚወርድ የጭነት መኪና ብስክሌት ሲያይ የሚቀንስበት አቅም አለው። በኒውትራል ለቆ በእግር ፍሬን ብቻ የሚወርድ ግን የፍሬን ሸራው ግሎ የማይዝበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ብስክሌት ቢኖርም ባይኖርም መቆም አይችልም። ብስክሌተኞች ይህን ሽታ ይወቁት። የተቃጠለ ሸራ ከኋላ ከሸተታችሁ የማን ጥፋት ነው ሳትሉ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ከመንገዱ ውጡ።

ዳገቱ ላይ መንገድ ይዘጋል ለሚለው፣ ስሌቱ የሚያስቆጣ አይደለም። ብስክሌተኛ ዳገቱን በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ይወጣል እንበል፤ 100 ሜትር ለመጨረስ 45 ሰከንድ ይፈጅበታል። በ20 የሚወጣ የጫነ መኪና ይህንኑ 100 ሜትር በ18 ሰከንድ ይጨርስ ነበር። የጠፋው 27 ሰከንድ ነው። የአህያ ጭነት፣ የበግ መንጋና የተበላሸ አይሱዙ ከዚህ የበለጠ በየቀኑ ያስቆማሉ፤ ወሎ ላይ ግን አህያ ከአስፋልት ትውጣ ብሎ የጻፈ አላየንም። ያም ሆኖ ከጀርባው ሦስት መኪና የተከማቸበት ብስክሌተኛ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ ወጣ ብሎ ቢያሳልፍ ለራሱም ይቀለዋል። በጀርባው የተቆጣ ሰው ይዞ መውጣት አድካሚ ነው።

ጸሐፊው በዚሁ ነጥብ ሥር የጭነት መኪና ጀርባ ይዘው የሚወጡ ልጆችን አንሥተዋል። እዚህ ላይ ከእርሳቸው ጋር ነን። አንድ እጅ መኪናውን ሲይዝ የቀረው አንድ እጅና አንድ ፍሬን ነው። ከመኪናው ሥር ብቅ የሚለው ጉድጓድ የሚታየው ጎማው ውስጥ ሲገባ ነው። ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር መኪናው ይላላና እንደገና ይነጥቃል፤ ትከሻን የሚያወልቀው ያ ነው። ሹፌሮችም ልጅ በስፖኪዮ ካያችሁ ለማራገፍ ብላችሁ አታወዛውዙ፣ ድንገት ፍሬን አትርገጡ። ቀስ በቀስ ቀንሳችሁ ሜዳ ቦታ ላይ ቁሙና ረዳቱ ወርዶ ያናግረው።

ክላክስ። ከ50 ሜትር ርቀት አንድ ጊዜ አጠር ተደርጎ ሲነፋ «መጣሁ» ማለት ነው፣ ጥሩ ነው። ጀርባው ላይ ደርሶ የሚነፋ የአየር ጡሩምባ ግን ሰውየውን ያስዘልለዋል፣ ሲዘል መሪው አብሮ ይዘላል፣ የሚዘለው ወዴት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ይኸው ነው።

ማታ አይታይም የሚለውን ያለ ክርክር እንቀበላለን። ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው በመኪና አጭር መብራት የሚታየው ከ30 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በሰዓት 60 የሚሄድ መኪና ለመቆም ደግሞ ከ35 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ማንም ሹፌር ቢሆን አይደርስም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ ጉም ባለበት ጠዋትም ጭምር፣ ከኋላ ቀይ፣ ከፊት ነጭ መብራት ግዴታ መሆን አለበት። መብራት መግዛት ያቃተው ለጭነት መኪና የሚለጠፈውን ቀይና ነጭ አብረቅራቂ ፕላስቲክ 20 ሳንቲ ያህል ፓራፋንጎው ላይ፣ ትንሽ ትንሽ ደግሞ ሁለቱ ፔዳሎች ላይ ይለጥፍ። ፔዳሉ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚል ሹፌሩ ከሩቅ የሰው እግር መሆኑን ያውቃል። ሽርጥ ለብሰው የምትነዱ ወንድሞች ደግሞ የቀኙን ጫፍ ከጉልበት በላይ ሰብስባችሁ እሰሩት፤ ካቴናው አንዴ ከነከሰው ፔዳሉም እግሩም አብሮ ይቆማል።

ጽሑፉ ያላነሣው አንድ ነገር አለ፤ የከተማው። ደሴ ፒያሳ ላይ ብስክሌተኛን የሚያስፈራው ሲኖትራክ አይደለም፣ ከፊቱ የሚሄደው ባጃጅና የቆመው መኪና በር ነው። ባጃጅ ተሳፋሪ ሲጠራው ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ቀኝ ይገባል። ስለዚህ ከባጃጅ ኋላ በቀኝ በኩል ገብቶ ማለፍ ክልክል መሆን አለበት፤ በግራ ማለፍ ወይም ከኋላው መጠበቅ ነው። ከቆሙ መኪኖች ደግሞ የተከፈተ በር ያህል፣ አንድ ሜትር ከዚያም በላይ መራቅ ያስፈልጋል። ሹፌሮች በሩን በቅርቡ ባለው በግራ እጅ ሳይሆን በቀኝ እጅ ቢከፍቱት ትከሻቸው ይዞራል፣ ዓይናቸውም ሳይወዱ ወደ ኋላ ያያል። ምንም ወጪ የለውም፤ ሳምንት ከተለማመዱት ልማድ ይሆናል።

ወደ መደምደሚያቸው እንምጣ፤ ብስክሌት ከአስፋልት ይውጣ። ወዴት? ከደሴ ሲወረድ አንዱ ወገን ተራራ፣ ሌላው የቦርከና ገደል የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ደግሞ ብስክሌት የፋብሪካ ሠራተኛው ታክሲ ነው፤ ፈረቃ ሲወጣ ባጃጅ የማያገኝ ሰው ቤቱ የሚገባበት ነው። ቆቦና ሐይቅም ብስክሌቱ ተማሪ ያመላልሳል፣ ጀሪካን ይጭናል። ብስክሌቱ ቢከለከል ሰውየው አይጠፋም፤ እግረኛ ሆኖ ያው ጠርዝ ላይ ይመጣል ወይም በሞተር ይመጣል። የተናደዱበት የመንገዱ ጠባብነትና ያለ ቦታው የሚደረግ መቅደም ሆኖ ሳለ ብስክሌቱን መምታት፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ዓይነት ነው። አገሪቱም የሄደችበት አቅጣጫ ይህ አይደለም፤ ሞተር አልባ ትራንስፖርትን ለማስፋፋት ከ2020 እስከ 2029 (እ.ኤ.አ.) የሚዘልቅ ስትራቴጂ አላት፣ አዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ሠርታለች።

ለመንገዱ መደረግ ያለበት ከዚህ ያነሰና ርካሽ ነው። ዳገት በሆነው ወገን ብቻ 1 ሜትር ተኩል የጎን ቦታ ማስፋት፤ የፍጥነት ልዩነቱ የሚበዛው ሲወጣ ነው፣ ሲወርድ ብስክሌቱ ከጭነት መኪናው ጋር እኩል ይሄዳልና ለሁለቱም ወገን ገንዘብ ከሌለ የሚወጣው ይቅደም። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ አስፋልቱና ጠጠሩ ደረጃ የሠሩበትን መሙላትና መጠቅጠቅ። ጠመዝማዛ ከመድረሱ በፊት ብስክሌተኛ ወጥቶ የሚያሳልፍባቸው ከ15 እስከ 20 ሜትር የሚረዝሙ ማረፊያዎች መደልደል። ከተማ ውስጥ ደግሞ የጎርፍ መውረጃው የብረት ፍርግርግ አለ። ብረቶቹ ከመንገዱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከተዘረጉና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ3 ሳንቲ ከሰፋ ቀጭን ጎማ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ሰውየው በመሪው ላይ ያልፋል። የፍርግርጉ አራቱም ጎን እኩል ከሆነ አንሥቶ ሩብ ዙር አዙሮ መልሶ ማስቀመጥ ነው። ካልሆነ በየ10 ሳንቲው አግድም ብረት ይበየድበት፤ ለአንድ ፍርግርግ አንድ ሜትር ተኩል የ12 ቁጥር ብረትና የአንድ በያጅ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።